ሁለተኛ አፍ መፍቻ

የመስኮቱ መዝጊያ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ታጥቧል፣ ታማሚዋ የጣልያን አሮጊት ኖና በወዲያኛው ክፍል አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች፤ ለፋንቱ የቀራት ሥራ ዐይኗን መክደን ብቻ ነው፣ ዐይኗ ግን እንቢ አለ። ሌሊቱን እንቢ፣ ይቺን ከምሳ በኋላ የሚሰጧትን የዕረፍት ሰዓትም እንቢ፤ ዐይን ነው ወይስ ዳገት ያየች የእስቴ በቅሎ! ትገላበጣለች፣ አልጋው ሲጢጥ ይላል፣ ግድግዳው ላይ ያለችው እመቤታችን በጣልያን አሣሣል ቀላ ብላ ታያታለች፣ እሷም መልሳ ታያታለች፣ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ ንገሪኝ» ትላታለች። ነገሩ ሁሉ አንዲት ነገር ናት፤ እምዬ ለምን ስልክ ላይ አትመጣም? ከጥምቀት ወዲህ የእናቷን ድምፅ አልሰማችም። ታናሽ እህቷ ውብነሽ ስልኩን ታነሳለች፣ ትስቃለች፣ ስለ ብርዱ ታወራለች፣ ስለ ላሚቱ ታወራለች፣ እምዬስ ሲሏት ጸበል ወርዳለች። በሌላው ሳምንት እምዬስ? ጉሮሮዋን ይዟታል፣ ሐኪሙ አታውሪ ብሏታል። ከዚያ ኔትወርክ የለም። ባለፈው ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው፤ «አርብ ገበያ ሄዳለች እታለም፣ ነገ ትመለሳለች።» አርብ ገበያ! ከእስቴ ተነሥታ ታች ጋይንት፣ ያች ከመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ቤቷ እስክትደርስ በየድንጋዩ የምትቀመጥ አሮጊት! በምን ሄደች፣ በንስር ክንፍ? ደግሞስ አርብ ገበያ በስሙ የሚቆመው አርብ ነው፣ ውብነሽ የተናገረችው ማክሰኞ ነው። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ ቀኑን ይያዝ እንጂ! ፋንቱ ያን ጊዜ አልጋዋ ላይ ሆና ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እንደቆመ ይኸው አለ፣ አይወርድ አይወጣ።

ሂጂያ፣ ተነሥተሽ ሂጂያ፣ ይላታል አንዱ ልቧ። በምን ወረቀት፣ ይላታል ሌላው። ጠበቃው ተናግሯል፤ የቋንቋውን ፈተና ሳታልፊ፣ ወረቀቱ ሳይወጣልሽ ከወጣሽ መመለሻ የለሽም ብሏል። ብታልፍ ኖሮ ለገና እስቴ ነበረች፤ ለእምዬ ሹራብ ገዝታ፣ አባቴ ለሚሏቸው ለአጎቷ ለመሪጌታ ካባ የሚሆን ጨርቅ ገዝታ፣ ሻንጣው ሁሉ ቁምሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር። ወደቀች። ኧረ እንዴት ያለ አወዳደቅ! ያን ዕለት ኖና የወርቅ ጉትቻዋን አውሳት፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከተማ ወርዳ ገባች። መነጽር ያደረገች ሴት ተቀምጣለች፣ አጠገቧ አንድ ጢማም ወንድ። ስለ ራስሽ ንገሪን አሏት። ፋንቱ መናገር ታጣለች? ዓመታት ሙሉ ከኖና አፍ የለቀመችውን ሁሉ አወረደችው፤ ስለ ተራራው ላሞች፣ ስለ አይቡ፣ ስለሚበሉት የበቆሎ ገንፎ፣ ስለ ኖና ጉልበትና ስለ ኖና ሟች ባል ስካር፤ አፏ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደ፣ በየመካከሉም ልክ ኖና እንደምትለው «ፖታ!» እያለች፣ ወይ ጉድ እንደማለት መስሏት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ቀላች፣ ቀጥላ መነጽሯን አወለቀች፣ ቀጥላ ዕንባዋን ጠረገች፤ በሐዘን እንዳይመስላችሁ፣ በሳቅ ነው። ጢማሙ ጠረጴዛውን ጨብጦ ነው የተረፈው። ለካ ያች ቃል በወጉ ስትፈታ የሴት ልጅ ኀፍረት ናት፤ የሸለቆው ሰው ግን ከጸሎት ቀጥሎ የሚጠራው እሷን ነው። «ሲኞራ» አለቻት ሴትዮዋ ሳቋ ሲወጣላት፣ «አያቴን አስታወስሽኝ፣ ነፍሷን ይማር፣ ልክ እንዲህ ነበር የምታወራው። ግን ይሄ ጣልያንኛ አይደለም።» «ታዲያ ምንድን ነው?» «ያው የሸለቆው አነጋገር ነው።» «ቋንቋ አይደለም?» «እንግዲህ… ቋንቋ ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም የሚሉም አሉ። ከጣልያንኛ ጋር ወንድማማች ነው በይው።» «ወንድሙን ካወቅሁት በዋስትና አታሳልፊኝም?» ደግመው ሳቁ። እየሳቁ ጣሏት። ክፉ ቢሆኑ እንኳ ረግማቸው ትወጣ ነበር፤ ደጎች ነበሩ፣ በር ድረስ ሸኟት፣ ያ ነው የሚያንገበግበው።

አሁን በጨለመው ክፍል ተጋድማ ደግሞ ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ስናገር የኖርኩት ምንድን ነው? ዲዳ ነበርኩ? የኖና ልጅ ጃኮሞ ከሚላን እየመጣ ሲያወራ አነጋገሩ ከእናቱ እንደሚለይ ሰምታለች፣ ግን ምን ይደንቃል፣ ከተሜ ነው፣ አፉን ታጥቦ ነው ብላ ተወችው። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሟ አንዳርጌ ለበዓል እስቴ ሲመጣ እንዲሁ አይደል? ቃሉን ቆርጦ ቆርጦ ይጥለዋል፣ እንግሊዝኛ ይጨምርበታል፣ ሽማግሌዎቹ «ይሄ ልጅ ምን አለ?» ይላሉ፤ ግን አማርኛው አማርኛ ነው፣ ማን ደፍሮ አይደለም አለው! ይሄ እስከዚህ አንድ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ሌላ ነው ብሎ የወሰን ድንጋይ የተከለው ማነው? እምዬም እኮ ከስማዳ ናት። ከቆላው አፋፍ በበቅሎ ተጭና እስቴ የገባች ሙሽራ ናት፣ አፏን ስትከፍት የባሏ እናት ሳቀች፣ የባሏ እህቶች ሳቁ፤ ቃሉ ያው የነሱ ቃል ነው፣ ግን እምዬ የቃሉን መጨረሻ ይዛ ወደ ቆላ ታወርደዋለች፣ ትጎትተዋለች፣ እንደ ዜማ ታጥፈዋለች። «ሙሽሪት ውሃ ስጡኝ ስትል ውሃው ራሱ ይደክመዋል» ይሏት ነበር። ልጅ ሆነው ፋንቱና ውብነሽም በእናታቸው አነጋገር እየቀለዱ አድገዋል፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው። ግን ሰው የሞተ ዕለት! የእስቴ ሰው ዓመት ሙሉ ሲስቅባት ኖሮ፣ ሬሳ ቤቱ ሲገባ ማንን ይጠራል? የስማዳዋን ውባለምን። እምዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባና አንዲት ግጥም ትጥላለች፣ ያቺን የሚስቁባትን የቃል መጨረሻ ይዛ ትጎትታታለች፣ ደረቱን የማይመታ ወንድ የለም፣ የሳቁት ሁሉ ይንሰቀሰቃሉ። ያኔ ማንም የስማዳ አነጋገር ነው አላላትም።

የእምዬ ወንድም መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከስማዳ ወጥተው ቤተ ልሔም ድጓ ሊማሩ ሄደው እዚያው መምህር ሆነው የቀሩ ናቸው። ልጆቹ ሁሉ አባቴ ነው የሚሏቸው። እንዲህ ይሉ ነበር፤ «በቆማ ዜማ የተማረ ልጅ መጥቶ ሲያዜም የኔ ተማሪ ይስቃል፣ የኔ ተማሪ እዚያ ቢሄድ ደግሞ ይስቁበታል። ቃሉ ያው፣ ያሬድ ያው።» አንድ ጊዜ አንዳርጌ፣ ያኔ ጎረምሳ ነው፣ «ታዲያ አባቴ ሁለት ነው አንድ?» ቢላቸው ተቆጡ፤ «በሽሎ አባይ ሲገባ ቆመህ አይተሃል? እስቲ ይሄ በሽሎ ነው፣ ይሄ አባይ ነው ብለህ በጣሳ ለይተህ ቅዳልኝ!» ፋንቱ ይህን ለባለመነጽሯ ሴትዮ በነገረቻት ኖሮ። በምን ቋንቋ? አዬ። በጥምቀት ማግስት መውደቋን ለእምዬ በስልክ ስትነግራት፣ ደብቃው ከርማ ነበር ስላፈረች፣ እምዬ እስክትታነቅ ሳቀች። «ምን ብለሽ ነው የወደቅሽው ልጄ?» «አነጋገርሽ ያገር ቤት ነው፣ ቋንቋ አይደለም ብለው ነው እምዬ።» «እኔንስ እስቴ እንዲሁ ብለው አይደል የጣሉኝ! አይዞሽ። እነሱ ሲስቁ አንቺ ሥሪ፤ ሞት ሲመጣ ይጠሩሻል።» ይህች ናት የመጨረሻዋ ቃል። ምን መጨረሻ ያሰኛታል እሷን፣ ማን ነግሯት ነው መጨረሻ የምትለው? ምላሷን ትነክሳለች፣ በግራ እጇ ታማትባለች፣ ግራ መሆኑ ሲታወቃት በቀኝ ትደግማለች። ጸበል ናት። ጸበል ወርዳ ነው፤ አርብ ገበያም ልትሄድ ትችላለች፣ ለምን አትችልም፣ መኪና የለም እንዴ?

ኖና በወዲያኛው ክፍል ትንፋሿን ዋጠች፣ ፋንቱ ብድግ ልትል ብላ ትተወዋለች፤ ቀጠለች ማንኮራፋቷን። ኖና ባለፈው ክረምት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ከሆስፒታል ስትመለስ ግማሽ ጎኗ ሰንፎ፣ ጣልያንኛው ከአፏ ጠፍቶ ነው። ጆሮዋ ይሰማዋል፣ ቴሌቪዥኑን ታያለች፣ ዜናውን ትሳደባለች፣ አፏ ላይ ግን የቀረው የሸለቆው አነጋገር ብቻ ነው፣ ያ በልጅነቷ አስተማሪዋ በአለንጋ ሊያስጥላት የታገለው። ለዚህም ነው ልጇን በዚያ አፍ ያላሳደገችው፤ «እኔ የቀመስኩትን አለንጋ ጃኮሞ አይቀምስም» ብላ እያነከሰች በጣልያንኛ አሳደገችው። እንግዲህ ፍርዱን እዩት፤ እናቲቱ የቀራት አፍ ልጁ የማይሰማው ሆነ፣ መካከላቸው ላይ የቆመችው የእስቴዋ ፋንቱ። እሷም ከወደቀች ወዲህ በመንደሩ ቄስ ግቢ እየተማረች፣ ከቴሌቪዥኑ እየለቀመች ጣልያንኛዋን እንደ ተሰበረ ገል እየገጣጠመች ነው። ጃኮሞ በየእሑዱ ይመጣል፣ ጫማውን ይጠርጋል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ እናቱ ትናገራለች፣ እሱ ወደ ፋንቱ ዞሮ «ምን አለች?» ይላል፣ እንደ ሕፃን ዐይኑን አፍጥጦ።

ያለፈው እሑድ ኖና ምን አለች? «ይሄን ልጅ እይው ስቼታ» አለች፤ ስቼታ በነሱ አፍ ልጅት ማለት ነው፣ ፋንቱ ይቺን ሁሉ ሽበት ይዛ ልጅት ናት ለኖና፤ «ሊሸጣት ያሰባትን ላም እንደሚያይ ነው የሚያየኝ። ጥርሴን ይቁጠር እንጂ! ንገሪው፣ ገና አልሞትኩም።» ፋንቱ ወደ ጃኮሞ ዞረች። እንዲህ ያለ ቃል ለልጅ ይነገራል? አገሯ እኮ ክፉ ነገር እንዲህ ፊት ለፊት አይወረወርም፣ ዙሪያውን ተዞሮ፣ ተሸፍኖ፣ ለስልሶ ነው። «መንገዱ አልደከመህም ወይ ትላለች» አለችው፣ «በልተሃል ወይ ትላለች።» የጃኮሞ ፊት እንደ መስከረም ሰማይ ተገለጠ። የእናቱን እጅ ይዞ ሳመ፣ «በልቻለሁ ማማ፣ በልቻለሁ» አለ፣ ዐይኑ ዕንባ አቀረረ። ኖና ሳቋን ለቀቀችው፣ እስክትስል፣ እስክትንፈራፈር፤ ጃኮሞም እናቴ ደስ ብሏት ነው ብሎ አብሮ ሳቀ። እያንዳንዱ እሑድ እንዲህ ነው። «የበኸር ልጄ ብሎ እንዲህ ያለ ድንጋይ!» ስትል «ናፍቀኸኛል ትላለች»፤ «መች ነው የሚሄደው?» ስትል «መንገድ ላይ ተጠንቀቅ ትላለች»፤ ሁሉም መጀመሪያው በልተሃል ወይ ነው። ሲሄድ ፋንቱ ወጥ ቤት ገብታ እጇን ትታጠባለች፣ እንደ ሌባ። የሰው እናትና ልጅ መካከል ቆሜ የምነዛው ምንድን ነው፣ ይቺ ሴት ነገ ብትሞት ልጇ አንድ ቃሏን ሳይሰማ ነው የምትሞተው፣ የሰማው ሁሉ የኔን ነው። እግዜር አያየኝም? ያየኛል።

እዚህች ላይ ነው፣ ዛሬ፣ በዚህ በተዘጋ መስኮት ሥር፣ ነገሩ እንደ ብርድ ከጀርባዋ የገባው። ጸበል ወርዳለች። ጉሮሮዋን ይዟታል። አርብ ገበያ ሄዳለች። ኧረ ይሄ ንግግር የማን ነው? የማውቀው ነው! የራሴ ነው! መንገዱ አልደከመህም ወይ ነው፣ በልተሃል ወይ ነው! ውብነሽ በአማርኛ እያወራቻት፣ በዚያው በእስቴ አማርኛ፣ ባደጉበት፣ ቃሉ ሁሉ ያው ሆኖ ሌላ ቋንቋ ነው የምታወራት፤ ፋንቱም ልክ እንደ ጃኮሞ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ዐይኗን አፍጥጣ፣ ምን አለች፣ ምን አለች። ከአልጋዋ ተነሥታ ስልኩን ያዘች፣ ሁለቴ ሳተች፣ ደወለች።

«እታለም! እንዴት ዋልሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ አሮጊቷ ደኅና ናት?»

«እምዬን አገናኚኝ።»

«አይ እታለም፣ አሁን እኮ ትንሽ…»

«ዛሬስ ወዴት ላክሻት ውብነሽ፣ ኢየሩሳሌም?»

ውብነሽ ሳቀች። ሳቋ መካከሉ ላይ ሲደርስ እንደ ጭራሮ ተሰበረ። ከኋላዋ ሰው አለ፣ ብዙ ሰው፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዲት ሴት «ዝም በሉ፣ ትሰማለች» ትላለች። ከዚያ አንድ ቀስ ያለ የሽማግሌ ድምፅ፤ «ስጪኝ እስቲ ልጄ።»

«ፋንትዬ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባቴ? አንቱ ነዎት? እስቴ ምን ያደርጋሉ? ሁዳዴ አይደለም እንዴ፣ ጾመ ድጓውን ለማን ጥለው መጡ?» በሁዳዴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ከቤተ ልሔም የሚያነቃንቅ ነገር የለም፤ የገዛ ወንድማቸው ልጅ ሲታመም አልመጡም፣ እሳቸው ራሳቸው ታመው እንኳ ከማሕሌቱ አልወጡም።

«ተማሪዎቹ አሉ፣ ይቆማሉ» አሉ መሪጌታ። «አንቺስ፣ ማን አለ አጠገብሽ?»

«ማንም።»

«ያገር ሰው፣ ሐበሻ፣ በአቅራቢያ የለም?»

«ከተማ ነው ያለው አባቴ። እዚህ ተራራ ላይ እኔና ኖና ነን።»

«ኖና ማናት?»

«የማስታምማት አሮጊት።»

«ቋንቋዋን ትሰሚያለሽ?»

ፋንቱ መራራ ሳቅ አመለጣት። «ቋንቋ አይደለም ይሉታል አባቴ። እሰማዋለሁ።»

«እሷስ፣ ትሰማሻለች?»

ይሄንን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ኖና ትሰማኛለች? ፋንቱ ገንፎውን ስታማስል በአማርኛ ታንጎራጉራለች፣ ኖና ከአልጋዋ «እህ» እያለች ትቀበላታለች፤ ፋንቱ በጥምቀት ማግስት ከእምዬ ጋር አውርታ ስትጨርስ ኖና ምንም ሳትጠይቅ እጇን ይዛት ቆይታለች። «ትሰማኛለች» አለች።

«እንግዲያው ሰው አለሽ» አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸው ሰለለ። «በይ ዛሬ እህል ቅመሺ። እመቤታችን ከአንቺ ጋር ትሁን።» ስልኩ ሳይዘጋ «የውብነሽን ልጅ ሀናን ጥሯት፣ እንግሊዝኛ የምታውቀዋን፣ የጣልያኗ ልጅ ስልክ አላት አይደል?» ሲሉ ተሰማት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ጠይቂያ! ደውለሽ አንዲት ቃል ጠይቂያ፣ አለች ወይስ የለችም! ፋንቱ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ ወደ እጅ ታገላብጣለች። ግን አትደውልም። ታውቃለቻ፣ የእስቴ ሰው አይደለች? መርዶ ብቻዋን ለተቀመጠች ሴት አይነገርም። ቀን መርጠው፣ ዘመድ ጎረቤት ሰብስበው፣ ማለዳ ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ፤ አንዷ ወገቧን ትይዛለች፣ አንዷ ውሃ ትይዛለች፣ ትልቁ ሰው ይናገራል። በስልክ ብቻዋን ነግረዋት ግድግዳ ብትገጭ ማን ይይዛታል? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ሳምንት ሲያዞሯት የከረሙት፤ ሊይዛት የሚችል ሰው ሲፈልጉ። ሽማግሌው በሁዳዴ ያን ሁሉ መንገድ የመጡት «ሰው አለሽ?» ብለው ለመጠየቅ ነው። ሰው። እኔ ሰው አለኝ? ደግሞ ካልጠየቀች፣ ነገ እስኪነጋ ድረስ እምዬ ጸበል ናት፤ አንዲት ሌሊት ጸበል ብታድር ማንን ይጎዳል? ተነሣች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ የኖናን ሾርባ ሠራች፣ አጎረሰቻት፣ ራሷም አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ እህል ቅመሺ ተብላለችና። ኖና ዐይኗን ከፋንቱ ፊት አልነቀለችም። «ስቼታ፣ ምን ሆነሻል?» አለቻት። «ምንም» አለች ፋንቱ፣ በሸለቆው አፍ፣ ጥርት አድርጋ፤ ዋሸች። በሁለተኛ አፏም መዋሸት ተምራለች፣ ይሄስ አፍ መፍታት አይደል?

ማለዳ ነው፣ የተራራው ጫፍ ገና ሊቀላ ይላል፣ ፋንቱ ወተት ጥዳለች፣ መኪና መጣ። ሮብ ነው፣ ጃኮሞ በሮብ አይመጣም። በመስኮቱ አየችው፤ ብቻውን አይደለም፣ ታችኛው መንደር ያሉት ሁለቱ አሮጊቶች፣ እነዚያ ከኖና ጋር በሸለቆው አፍ እየተሳደቡ ካርታ የሚጫወቱት፣ ጥቁር ሻሽ አስረው ከመኪናው እየተደጋገፉ ይወርዳሉ። ፋንቱ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ለኖና ነው የመጡት ትላለች በልቧ፣ ኖና ሌሊት ብሷት ይሆናል፣ ልጇ ሰምቶ ነው፤ እግዚአብሔር ሆይ ለኖና አድርገው፣ ብላ ጸለየች፣ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ጃኮሞ ወጥ ቤቱን አልፎ ገባ፣ ሰላም አላላትም፣ ፊቷን ማየት አልቻለም። ከእናቱ ክፍል በጣልያንኛ ሲያንሾካሹክ ይሰማታል፤ የእህቷ ልጅ ጻፈችልኝ፣ ትልቅ ሰው ይንገራት ብላለች፣ በምትሰማው አፍ ይሁን ብላለች፣ እኔ አልችልም ማማ፣ እኔ አልችልም። ወተቱ ገንፍሎ እሳቱ ላይ ፈሰሰ። ማንም አላጠፋውም።

«ስቼታ!» አለች ኖና።

ፋንቱ ገባች። ኖና ትራስ ተደግፋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ አሮጊቶቹ ፀጉሯን አበጥረውላት ሻሽ አስረውላታል፤ አንዷ የውሃ ብርጭቆ ይዛለች፣ አንዷ ከፋንቱ ኋላ መጥታ ቆመች፣ ማንም ሳይነግራት፣ ልክ ወገብ እንደሚይዝ ሰው። ጃኮሞ በሩ ላይ ነው። ኖና በደኅነኛ እጇ አልጋውን መታ መታ አደረገች። ፋንቱ ተቀመጠች። አሮጊቷ እጇን ያዘቻት፣ አፏ በግማሹ ተንጋዶ ብዙ ታገለ፣ ዐይኗ ፋንቱን ያዘ፣ ከዚያ በሸለቆው አፍ፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ዕንቁላል እያስቀመጠች፣

«መንገዱ አልደከመሽም ወይ» አለቻት። «በልተሻል ወይ?»

በየእሑዱ ስትሰማ የነበረችው ኖና ናት። አንዱም አላመለጣትም። በፋንቱ አፍ ይቺ ቃል ምን እንደምትሸፍን በዓለም ላይ ከሁለታቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

የፋንቱ ደረት ላይ ቆሞ የከረመው ነገር ወረደ። ወገቧን ያዟት። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ ቀጥሎ መጣ፤ የእስቴም አልነበረም፣ ልጅ ሆነው የሳቁበት፣ የቃሉን መጨረሻ ይዞ ወደ ቆላ የሚያወርደው፣ የስማዳው፣ የእምዬ ድምፅ ነበር፣

ጸበል ሄደች አሉኝ፣ ጸበሉስ ደረቀ፣
እምዬ የሄደችበት፣ ምን ያህል ራቀ!

ኖና «እህ» አለች። አሮጊቶቹም «እህ» አሉ፣ አንዷ ጉልበቷን መታች፣ አንዷ በራሷ አፍ «ማማ፣ ማማ» እያለች ትወዛወዛለች፤ ፋንቱ ስትጥል እነሱ ይቀበላሉ፣ ደግማ ስትጥል ይቀበላሉ፣ ቃሉን ማን ጠየቀ።

ጃኮሞ በሩ ላይ ግራ ገብቶት አንዴ እናቱን፣ አንዴ ፋንቱን ያያል። «ቆይ» አለ፣ «ገና ሁለት ቃል ብቻ ነው የተናገረችው እኮ! ፋንቱ፣ ምን አለችሽ?»

ፋንቱ ቀና አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። በዚያ እንደ ገል በተገጣጠመ ጣልያንኛዋ፣

«እናትሽ ሞተች አለችኝ» አለችው።